በጎበሳ አዳራሽ የበዓል ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የባህል ዕቃዎቹን ያሰናዳው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው። ልጅነት ይቀድማል፤ ጉልምስና ይከተላል፤ መጨረሻው ሞት ነው። ልጅ ይዞ የገባ ወላጅ ከየት እንደሚጀምር ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በአርሲ፣ ጎበሳ፣ አሰላ ወይም በቆጂ ላይ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ የበዓል ዐውደ ርእይ ለማሳየት ያሰቡ ሰዎች ከዚህ ሙዚየም ቢወስዱ የሚበጃቸው ይህን አደራደር ነው።

የተሻለው ጊዜ እንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 1 ቀን ሰው ቤቱ ስለሚውል በሩ በማግስቱ ተከፍቶ እስከ መስቀል ዋዜማ ይቆይ። ወንዶቹ ልጆች ለጎረቤት የሚሰጡትን ሥዕል በነሐሴ መሣል ስለሚጀምሩ የመጀመሪያው ግድግዳ በእነዚሁ ሥዕሎች ይሞላል። አርሲ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር በመሆኑ የኢድና የመውሊድ ትዝታ ያለባቸው ዕቃዎችም ከመጀመሪያው ይታሰቡ፤ በኋላ ሲጨመሩ እንግዳ ይመስላሉ።

ዕቃ ማሰባሰቡ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመር። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይወቀው። ለእያንዳንዱ የተዋሰ ዕቃ ፎቶ ይነሣ፤ የባለቤቱ ስም፣ ያለበት ሁኔታ (ስንጥቁ፣ የጎደለው ጨሌ) እና የመመለሻው ቀን ተጽፎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አንዲት እናት የአያቷን የቆዳ ልብስ ተማምና የምትሰጠው ይህ ወረቀት ሲኖር ነው።

ቀጥሎ አዳራሹ ይዘጋጅ። የክረምቱ እርጥበት ገና ስለማይለቅ ሥዕሎቹ ግድግዳውን ሳይነኩ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይንጠልጠሉ፤ ፕላስተር ወረቀቱን ያበላሻል። የውኃ ቀለምና ቆዳ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ይራቁ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጉብኝቱ በቀን ብርሃን ይሁን። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ቢሆን የስድስት ዓመት ልጅ ሳያንጋጥጥ ያያል።

የልጆች ዐውደ ርእይ የሚያምረው ግን እጅ ሲገባበት ነው። ገብስ በሰፌድ ይቅረብላቸውና ያበጥሩ። ጭኮ ከምን እንደሚሠራ፣ ከተቆላ የገብስ ዱቄትና ከቅቤ እንደሚለወስ እያዩ ይቅመሱ። ሩጫም አይቅርባቸው፤ ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አካባቢ በልጅነቱ ደብተሮቹን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ያደገ ነው፤ ሲሮጥ የግራ ክንዱን ያጥፍ የነበረው ከዚያ ልማድ እንደመጣ ይነገራል። እንግዲህ በግቢው አጭር መንገድ በኖራ ይሠመርና ልጆቹ ደብተር በብብታቸው ይዘው ይሩጡ፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ እና በ2000 ሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ የወሰደበት ፎቶ መድረሻው ላይ ይጠብቃቸው።

ሲንቄ ግን መጫወቻ አይደለም። የአርሲ ኦሮሞ ሴት በጋብቻዋ የምትይዘው፣ ክብሯንና መብቷን የምታስከብርበት፣ ጠብ የምታበርድበት በትር ነው። ለብቻው፣ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ፤ ታሪኩንም ወረቀት ሳይሆን ጎረቤት ያሉ እናት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይንገሩ። ልጆች ጥያቄ የሚያዘንቡት እዚህ ጋ ነው።

ጽሑፍ ለሚያስፈልጋቸው ዕቃዎች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ አንደኛው ጥያቄ ቢሆን ይመረጣል፦ «እቤታችሁ ይህን ማን ይጠቀምበታል?»

ከመስቀል በዓል በኋላ ሁሉም ዕቃ ከፎቶው ጋር ተነጻጽሮ ለባለቤቱ ይመለስ፤ የልጆቹም ሥዕሎች በየስማቸው ተጠቅልለው ይሰጧቸው።