አዲስ የሶፍትዌር ማሻሻያ፦ ወዲያው መጫን ወይስ መጠበቅ?
ለምርምር ሥራ በሚውሉ ኮምፒውተሮች ላይ ያተኮረ አጭር ዳሰሳ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የሶፍትዌር ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ተጠቃሚው ወዲያው ከመጫንና ከመጠበቅ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ምርጫዎች ዋጋ በአደባባይ በታወቁ ክስተቶችና በታተሙ ጥናቶች አማካይነት ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው ለሁሉም ማሻሻያ የሚሆን አንድ መልስ የለም የሚል ነው። የደኅንነት ማሻሻያ በቀናት ውስጥ ሊጫን ይገባል፤ መረጃ የሚተነተንበት ሶፍትዌር ማሻሻያ ግን የተጀመረው ጥናት እስኪጠናቀቅ መቆየት አለበት።

1. መግቢያ

ስለ መቸኮልና ስለ መዘግየት የአማርኛ ብሂል ለሁለቱም ወገን ምስክር አለው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው እንዳለ ሁሉ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለውም አለ። በተለምዶ አፕዴት የሚባለው የሶፍትዌር ማሻሻያ ሁለቱንም ምክሮች በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ማሻሻያ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሦስት ዓይነት ሥራ ይሠራል፦ የደኅንነት ክፍተት ይደፍናል፣ የአሠራር ስሕተት ያርማል፣ አዲስ አገልግሎት ይጨምራል ወይም ነባሩን አሠራር ይለውጣል። አምራቾች ሦስቱን ብዙ ጊዜ በአንድ ጥቅል ስለሚያቀርቡ ተጠቃሚው ክፍተቱን ለመድፈን ሲል ያልፈለገውን ለውጥ አብሮ ይቀበላል፤ ለውጡን ሲሸሽ ደግሞ ክፍተቱን እንደ ተከፈተ ይተወዋል። የዓመታት መረጃውና የመመረቂያ ጽሑፉ ረቂቅ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ለሚገኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ውሳኔው ቀላል አይደለም።

2. የመዘግየት ዋጋ

ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ የተገኘን አንድ አደገኛ ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ነበር። ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ሶፍትዌር በዚያው ክፍተት ገብቶ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ደግሞ በዚያው ዓመት ሜይ 12 ቀን ነው። በመካከሉ 59 ቀናት ነበሩ። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሥር ከነበሩት 236 የጤና ተቋማት አስተዳደሮች ቢያንስ 81ዱ በጥቃቱ እንደ ተነኩ የአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት ዘግቧል። ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ማሻሻያው የተዘጋጀላቸው፣ ነገር ግን ያልተጫነባቸው ነበሩ።

የማሻሻያው መውጣት ራሱ ላልጫነ ሰው አደጋውን ያባብሳል። አጥቂዎች የቀድሞውንና የተሻሻለውን ፋይል አነጻጽረው ምን እንደ ተለወጠ ሲመለከቱ ክፍተቱ የት እንደ ነበረ ይደርሱበታል። ከማሻሻያው በፊት ጥቂቶች ብቻ ያውቁት የነበረው ክፍተት ከማሻሻያው በኋላ የአደባባይ ምሥጢር ይሆናል።

3. የመቸኮል ዋጋ

በሌላ በኩል ማሻሻያው ራሱ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይሎች በማጥፋቱ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞ በቀጣዩ ወር እንደገና ለቅቆታል። ጥቂት ቀናት የጠበቀ ተጠቃሚ ከዚህ ጉዳት ተርፏል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ ለደኅንነት ሶፍትዌሩ የላከው ጉድለት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጪ አደረገ። ኩባንያው ማሻሻያውን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢመልሰውም ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ በሰው እጅ መጠገን ነበረባቸው። ያ ማሻሻያ የተጠቃሚውን ፈቃድ ሳይጠብቅ በቀጥታ የሚጫን ዓይነት ስለነበር መጠበቅ የሚባል ምርጫ አልነበረም። እንዲህ ላለው አደጋ መከላከያው የማሻሻያ ጊዜን መምረጥ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ውጭ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ ነው።

4. ምን ያህል ይጠበቅ?

ስቲቭ ቢቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት ጥናት ሁለቱን ስጋቶች በጊዜ መስመር ላይ አነጻጽረዋል። ቀናት ባለፉ ቁጥር ሌሎች ተጠቃሚዎች የማሻሻያውን ጉድለት ስለሚደርሱበት በጉድለት የመጎዳት ዕድል ይቀንሳል፤ በጥቃት የመጎዳት ዕድል ግን ይጨምራል። ተመራማሪዎቹ ለመጫን የተሻሉ ሆነው ያገኟቸው ጊዜያት ማሻሻያው ከወጣ ከ10 እና ከ30 ቀናት በኋላ ያሉት ናቸው።

ስሌቱ ዛሬም ይሠራል፤ ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ሊወሰዱ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የሶፍትዌር ክፍል ላይ የተገኘው ክፍተት ይፋ በሆነ በቀናት ውስጥ በስፋት ጥቃት ተፈጽሞበታል። የመጀመሪያው ማሻሻያም ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ ስላልደፈነ ሌሎች ተከታትለው ወጥተዋል። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ስንት ቀን አለፈ የሚለው ሳይሆን ክፍተቱ አሁን ጥቃት እየደረሰበት ነው ወይ የሚለው ነው።

5. የምርምር ሥራ ልዩ ስጋት

እስካሁን የታዩት ሁለቱ ስጋቶች የማንኛውም ተጠቃሚ ናቸው። ተመራማሪው ሦስተኛም አለበት፤ ማሻሻያው ያለ ምንም ብልሽት ተጭኖ የጥናቱን ቁጥሮች ሊለውጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ግሮነንሺልድና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የአንጎል ምስሎችን የሚለካው ፍሪሰርፈር የተባለ ሶፍትዌር በሦስት ሥሪቶቹ ያንኑ ምስል ሲለካ በአንጎል ክፍሎች ይዘት ላይ በአማካይ 8.8 በመቶ፣ በአንጎል ቅርፊት ውፍረት ላይ 2.8 በመቶ ልዩነት ታይቷል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥሪት ሲለወጥም፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ልዩነት ነበር። የበሽተኞቹ ምስሎች በአንድ ሥሪት፣ የጤነኞቹ በሌላ ሥሪት ቢለኩ ከሶፍትዌሩ የመጣው ልዩነት የበሽታው ውጤት መስሎ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። አጥኚዎቹም ትንተናው በሙሉ ካልተደገመ በስተቀር በጥናት መካከል ሥሪት እንዳይለወጥ መክረዋል።

ለውጡ ተገቢ በሆነ ጊዜም ችግሩ አይቀርም። አር የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 3.6.0 ሥሪቱ ናሙና በዘፈቀደ የሚመርጥበትን ስሌት ያሻሻለው የቀድሞው ስሌት በጣም ትልቅ በሆነ ስብስብ ላይ ስለሚያዳላ ነው። ይሁን እንጂ ተመራማሪው ያንኑ ኮድና ያንኑ የመነሻ ቁጥር ቢጠቀም እንኳ አዲሱ ሥሪት የሚመርጥለት ናሙና ከቀድሞው ይለያል። ሥሪቱን ያልመዘገበ ተማሪ በፈታኞች ፊት የራሱን ሠንጠረዥ ደግሞ ማውጣት ሊያቅተው ይችላል።

6. የውሳኔ አካሄድ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች አራት የአሠራር መርሖች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ጥቃት እየደረሰበት ያለን ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ ወዲያው ይጫን። ሌሎች የደኅንነት ማሻሻያዎች የመጀመሪያዎቹ ጫኞች ችግር ማሰማት አለማሰማታቸው እስኪታወቅ ጥቂት ቀናት ሊቆዩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ አዲስ አገልግሎት ብቻ የሚጨምር ማሻሻያ ከመረጃ መሰብሰቢያና ከጽሑፍ ማስረከቢያ ወቅት ይራቅ።

ሦስተኛ፣ የመተንተኛ ሶፍትዌር ሥሪት ጥናቱ ሲጀመር ተወስኖ በስልት ምዕራፉ ውስጥ ይመዝገብ። መለወጥ ግድ ከሆነ ትንተናው ከመጀመሪያው ይደገም። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየታደሰ ትንተናው በቨርቹዋል ማሽን ወይም በኮንቴይነር ውስጥ በቀድሞው ሥሪት ሊቀጥል ይችላል።

አራተኛ፣ ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰድ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ በመካከል የተቋረጠ ማሻሻያ ኮምፒውተሩን እንዳይነሣ ሊያደርገው ስለሚችል ባትሪው ሞልቶ፣ ፋይሉም አስቀድሞ በሙሉ ወርዶ መጫን ይኖርበታል።

7. ማጠቃለያ

ሁልጊዜ መቸኮልም ሆነ ሁልጊዜ መዘግየት ውሳኔ ሳይሆን ልማድ ነው። አንድ ማሻሻያ ሲመጣ ምን እንደሚለውጥ፣ የሚጫንበት ኮምፒውተር ምን ሥራ ላይ እንዳለና ነገሩ ቢበላሽ መመለሻ መኖሩን መጠየቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የኮምፒውተሩ ደኅንነት መዘግየትን አይወድም፤ የጥናቱ ውጤት ደግሞ በመካከል መለወጥን አይችልም። ሁለቱን ለያይቶ የያዘ ተመራማሪ ሁለቱንም ሊጠብቅ ይችላል።