ስለ ስኳር በሽታና ስለ ገበያ መድኃኒት

እናቶች ሆይ! በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ገበያ አብሽ ወይም የሽፈራው ቅጠል «ለስኳር ፍቱን ነው» ቢሏችሁ ቶሎ አትመኑ። አብሽ በምግብነቱ አይከፋም፤ በደም ውስጥ ያለውንም ስኳር ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን በሐኪም ኪኒን ወይም በኢንሱሊን ላይ ሲደረብ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ በሽተኛው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል። መዋጥ ከቻለ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ «ቅጠሉ ይበቃዋል» ተብሎ መርፌው ቢቀርበት በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል። መርፌውን የሚተካ ቅጠል የለም።

የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪም ንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንደዚያው ነው።