በማስተስረያ ቀን ያልወረወረው ተጫዋች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጥናት ሰዓታችን ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሥራ፣ ፈተና ወይም ግጥሚያ በበዓል ቀን ሲውል ምን እናድርግ የሚል ነው። ለመወያያ ይሆነን ዘንድ የአንድ አሜሪካዊ ስፖርተኛ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው የእኛ እምነት ተከታይ ሳይሆን አይሁዳዊ ነው።

ሳንዲ ኩፋክስ እ.ኤ.አ. በ1935 በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። የሚጫወተው ቤዝቦል ነው። በዚህ ጨዋታ አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ተቃራኒው ቆሞ በዱላ ለመምታት ይሞክራል፤ ስለዚህ የቡድን ዕድል በአብዛኛው በወርዋሪው ክንድ ላይ ነው። ግራኙ ኩፋክስ ከ1955 ጀምሮ ለዶጀርስ ቡድን ወረወረ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት 36 ጨዋታ አሸንፎ 40 ተሸነፈ። ኃይል ነበረው፤ ኳሱ ግን ወዳሰበው አይሄድለትም። በ1961 የቡድን ጓደኛው ኖርም ሼሪ ኃይልህን ጥቂት ቀንስ ብሎ መከረው፤ እርሱም ሰማ። በ1965 ብቻ 26 ጨዋታ አሸነፈ።

በዚያው ዓመት ዶጀርስ ለዎርልድ ሲሪስ ደረሰ፤ ይህም ከሰባት ጨዋታ አራቱን ቀድሞ ያሸነፈ ቡድን የዓመቱ አሸናፊ የሚሆንበት ውድድር ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ኦክቶበር 6 ቀን ነበር። ዕለቱ ደግሞ በዘሌዋውያን የተጻፈው፣ የአገራችን ቤተ እስራኤሎችም አስተሥርዮ የሚሉት የማስተስረያ ጾም ሆነ። ኩፋክስ አልወረውርም አለ። አጥባቂ ሃይማኖተኛ ተብሎ የሚታወቅ ሰው እንኳ አልነበረም።

በእርሱ ፈንታ ዶን ድራይስዴል ወረወረ። ብርቱ ተጫዋች ቢሆንም ዕለቱ አልቀናውም፤ ሚኔሶታ ትዊንስ 8 ለ 2 አሸነፈ። አሠልጣኙ ከሜዳ ሊያስወጣው ሲመጣ፣ ምነው እኔም አይሁዳዊ በሆንኩ ሳትል አትቀርም ብሎ ቀለደበት ይባላል።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንሰማ፣ በዓሉን ስላከበረ ድል ተሰጠው ለማለት እንቸኩላለን። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። በማግስቱ ኩፋክስ ራሱ ወረወረና ቡድኑ 5 ለ 1 ተሸነፈ! በዓል ማክበር ድል የሚገዛበት ገንዘብ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ምሽት የተታለለ በመሰለው ነበር። አምስተኛውን ጨዋታ 7 ለ 0፣ በሁለት ቀን ዕረፍት ብቻ ደግሞ ሰባተኛውን 2 ለ 0 ያሸነፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ክርኑን እያመመው። በሚቀጥለው ዓመት 27 ጨዋታ ካሸነፈ በኋላ፣ በዚሁ ሕመም ምክንያት በ30 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ።

ከመካከላችን አንዱ ግን እንዲህ ሲል ተከራከረ፤ ኩፋክስ በ1965 ዝነኛ ነበር፣ ማንም አያባርረውም፤ ገና ስም ባልነበረው በ1956 ቢሆንስ? ደመወዙን የሚፈራ ጀማሪ ሠራተኛስ ምን ያድርግ? ክርክሩ እውነትነት አለው፤ እኛም በዚያ ቀን መልስ ሳናገኝለት ተለያየን። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ስም የሌላቸው ምርኮኞች ነበሩና፣ ለሚመጣው እሑድ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን አንብባችሁ ኑ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።