ሳይሸፍኑ፣ ሳይጥሉ መርዳት

ጥያቄ፦ የ20 ዓመት ልጅ ስልክ ሰርቆ ቤት ቢያመጣ ቤተሰቡ እንዴት ሊረዳው ይችላል?

መልስ፦ ቀዳሚው ነገር ጥፋቱን አለመሸፋፈን ነው። ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ መደበቅ፣ መሸጥ ወይም ልጁን ዘመድ ቤት ማሸሽ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። ዝምድና ቅጣት ሊያቀልል ይችላል እንጂ ድርጊቱን ሕጋዊ አያደርገውም።

ቀጥሎ ልጁ ንብረቱን እንዲመልስና እጁን እንዲሰጥ መምከር ይገባል። በሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ጥፋትን ማመን፣ እጅን መስጠትና ጉዳትን መካስ ቅጣት ያቀልላሉ። ለባለንብረቱ ሽማግሌ መላክ ዕርቅ ሊያወርድ ይችላል፤ የዐቃቤ ሕግን ክስ ግን በራሱ አያስቀርም።

ልጁ ከተያዘ ቤተሰቡ መብቱን ያስከብርለታል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ አለመናገር፣ ጠበቃ ማማከርና በዘመድ መጎብኘት በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጡ ናቸው። ምሳ ዕቃ ይዞ ጣቢያ መመላለስ፣ ዋስ መሆንና ችሎት መገኘት ተገቢ ድጋፍ ነው። ለመርማሪ ጉቦ መስጠት ወይም የሐሰት ምስክር ማዘጋጀት ግን ሌላ ወንጀል ነው።

ሲፈታም ቤቱ ክፍት ይሁንለት፤ ካሣውን ግን ከገዛ ላቡ ይክፈል።