ታናናሾቻችን በክረምት ምን ያንብቡ?



ሰኔ ሲያልቅ ተማሪ ቤት ይዘጋል፤ መጽሐፉ ወደ መጋዘን ይመለሳል፤ ያለቀው ደብተር ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የቢስቲማ ልጅ ሥራው ብዙ ነው። ከብት ይጠብቃል፣ ጤፍና ማሽላ ያርማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሕፃን ያዝላል። ይህን ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ እኛም ያደግንበት፣ ቤተሰብም የሚኖርበት ነው። የምንነጋገረው ሥራውን ሁሉ እየሠራ አንድም መስመር ሳያነብ ስለሚከርመው ልጅ ነው።

ካቻምና በመካከላችን አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረ። በሰኔ ወር ከጉባኤው ፊት ቆሞ ግማሽ ገጽ ሳይደናቀፍ አንብቦልናል። በመስከረም እንደገና አስነሣነው። ፊደሉን አልረሳም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ቃል እየቆራረሰ ስለሚጠራው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ልጆቹ ሳቁበት። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቶሎ አላስቆምናቸውም። ከዚያ ወዲያ አንብብ በተባለ ቁጥር ጉሮሮዬን ያመኛል ይል ጀመር፤ ኋላም እሑድ መምጣቱን ተወ። በዚህ ሰው ያፈረበት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፊደል ማወቅና ማንበብ አንድ አይደሉምና ነው። ጀማሪ አንባቢ ሐሳቡ ሁሉ የሚያልቀው ፊደሉን በመለየት ላይ ነው፤ ለትርጉሙ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በአማርኛችን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ፊደሉ አያሳይም። «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን «እስካሁን አልደረሰም» ማለት ይሁን፣ «አለ» ሲልም ተናገረ ይሁን ይገኛል ይሁን፣ የሚታወቀው ከአካባቢው ቃል ነው። ይህን ፈጥኖ ለመለየት ዓይን ደጋግሞ ማየት አለበት። የቆሎ ተማሪ ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁት ነበር። ልጁ ፊደልና አቡጊዳ ስለቆጠረ ብቻ አያሰናብቱትም፤ በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ ያንኑ ጽሑፍ እየመላለሰ ዳዊት እስኪደግም ያስጠኑታል። ከጎረቤታችን ከተሁለደሬ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩና መጻሕፍት ሲሰበስቡ የኖሩ ናቸው። የመጽሐፍ አገር ልጆች ሆነን ሳለ መጽሐፍ ያጣን መሆናችን ያሳዝናል።

በውጭ አገርም ጉዳዩ ተጠንቷል። ባርባራ ሄንስ የተባሉ ምሁር በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 አሳትመው ነበር፤ በክረምቱ ዕረፍት የሚያነቡ ልጆች ከማያነቡት ተለይተው ታይተዋል። በኋላም ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል ፍራንዘን በፍሎሪዳ ለድኻ ቤተሰብ ልጆች በየክረምቱ 12 መጻሕፍት እየሰጡ ሦስት ክረምት ተከታተሏቸው። መጻሕፍቱን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። በመጨረሻ እነዚያ ልጆች መጽሐፍ ካልተሰጣቸው በልጠው ተገኙ። አስተማሪ አልተቀጠረላቸውም፤ የተሰጣቸው መጽሐፍ ብቻ ነው።

በአገራችንም ክረምት የንባብ ወቅት የሆነበት ጊዜ አለ። መሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በክረምት ነው። የዚያን ጊዜውን መንግሥት የወደደም የጠላም ይህን አይክድም፤ ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ከአያቶቻችን መካከል ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ያኔ ነው። ግን ከፈተናው በኋላ የሚያነቡት ነገር ስላላገኙ መልሰው የረሱት ብዙ ናቸው። አሁን ታናናሾቻችን ላይ የሚደርሰውም ያው ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ በየዓመቱ መመላለሱ ነው።

በዚያ ላይ የእኛ አካባቢ ልጆች ያጡት ክረምትን ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ልጆች ከትምህርት ተለዩ፤ ብዙ ቤተሰብ ተሰደደ። ፊደል በሚቆጥሩበት ዕድሜ ያለፈባቸው ልጆች ዛሬ ከፍ ያለ ክፍል ገብተው ይታያሉ፤ ንባባቸው ግን አብሯቸው አልተዛወረም።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት አንድ ነገር ሞከርን። መጀመሪያ ተሳሳትን። ካሉን መጻሕፍት ወፍራሙንና ከባዱን መርጠን «ይህ ይጠቅማችኋል» ብለን አከፋፈልን። በሁለተኛው ሳምንት መጻሕፍቱ ሳይገለጡ ተመለሱ፤ አንዱማ እርሾ መክደኛ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀላል ተረቶችን፣ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» የመሰሉትን፣ ያለፈ ዓመት የክፍል መጻሕፍትንም በካርቶን አድርገን አስቀመጥን፤ ልጆቹም ራሳቸው እንዲመርጡ ተውናቸው። ካርቶኑን ከአንዲት እናት በረንዳ ላይ አኖርነው። በረንዳው ላይ ያለው ልጅ ሁሉ የእኛ ጉባኤ ልጅ አይደለም፤ ጠዋት ሉሑን ይዞ ቁርአን ቤት የሚሄደው ጎረቤታችንም ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይመርጣል። ይህም ወሎ ነውና ማንም አልገረመው።

ከብት ጠባቂዎቹ አንድ ዘዴ አገኙ፤ ያስተማርናቸው እኛ አይደለንም። ሦስት ሆነው ይወጣሉ፤ ሁለቱ ከብቱን ሲመልሱ አንዱ ያነባል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። መጽሐፉን ከዝናብ ለመጠበቅ በፌስታል ይጠቀልሉታል። ሴቶች ልጆች ግን መስክ ስለማይውሉ ጊዜ ማግኘት ከበዳቸው። ለእነሱ የበጀው የቡና ሰዓት ነው፤ እናት ስትቆላ ልጅቱ ጮኽ ብላ ታነባለች፣ የመጡትም ይሰማሉ። እናቲቱ ማንበብ ባትችልም «እስቲ ያን ድገሚው» ማለት ትችላለች፤ ይህ ደግሞ ለልጅቱ ሁለተኛ ንባብ ነው። በኩራዝ ብርሃን ማንበብን አንመክርም፤ ዓይንም ጋዝም ይፈጃል፤ በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል።

መጻሕፍቱ ሲያልቁ ልጆቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት በደብተር እንዲጽፉ አደረግን፤ የጻፉትንም ተለዋውጠው አነበቡ። የፊደል ስሕተቱ ብዙ ነው። ሲያነቡት ግን ከታተመው መጽሐፍ ይልቅ ይስቁበታል፤ ስለዚህ ሁሉን በቀይ ማረም ትተን በአንድ ገጽ ሁለት ስሕተት ብቻ እናሳያለን።

ያ ጉሮሮዬን ያመኛል ይል የነበረው ልጅስ? ከጉባኤ ፊት እንዲያነብ አልጠየቅነውም። ለታናሽ እኅቱ እንዲያነብላት ብቻ አንድ ቀጭን የተረት መጽሐፍ ሰጠነው። በጳጉሜን መልሶ ሲያመጣው «ሌላ አለ?» አለን፤ እኅቱ ይህን በቃሏ ስለያዘችው እያረመች አስቸግራዋለች።

በሚመጣው ክረምትም ካርቶኑ በዚያው በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ከሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ ተራ ገብተን እንጠብቃለን። በፍልሰታ ልጆች ጾመው ስለሚውሉ ሰዓቱን ወደ ጠዋት እናደርገዋለን። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስትመለሱ የጨረሳችሁትን የታችኛ ክፍል መጽሐፍና ንጹሕ ፌስታል ይዛችሁልን ኑ። መጽሐፍ ቢቀደድ እንሰፋዋለን።