ጭንቀት የእምነት ማነስ ነውን?

በጾሙ ወራት ለጸሎት ቆማችሁ ልባችሁ እየመታ፣ ሌሊት እንቅልፍ እያጣችሁ «እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» የምትሉ አላችሁ።

ለልጅ፣ ለኑሮ መጨነቅ የሰው ጠባይ ነው። ጭንቀቱ ግን ለወራት አልለቅ ሲል፣ ሥራና እንቅልፍ ሲከለክል ሕመም ነው፤ ኃጢአት አይደለም።

ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት። ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን ለመነ። መልአኩ ግን አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛ ቀስቅሶ መገበው። 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። አያችሁ? እግዚአብሔር የደከመውን ሥጋም ያስባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሐኪም ዘንድ እንሂድ፤ ምክርም መድኃኒትም አለው። ጸበል ስንጠመቅ መድኃኒቱን በራሳችን አናቋርጥ፤ ድንገት ማቆም ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። መድኃኒቱን በጾም እንዴት እንደምንወስድ ሐኪሙንም የንስሐ አባታችንንም እንጠይቅ፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ከጾም ታሳርፋለች። ቡናም እናሳንስ፣ ልብ ያስመታልና። ቤተሰብም «ጸልይ፣ ይለቅሃል» ብሎ ብቻ አይቀመጥ፤ አብሮ ይሂድ።