ቢራቢሮና የሙታን ትንሣኤ

ቦዲቲ ውስጥ በጓሮው ሎሚ ወይም ጤና አዳም ያለው ሰው አንድ ዓይነት ትል አይቶ ይሆናል። ገና ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ኋላ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ አውጥቶ ይከረፋል። በመጨረሻም ቅርንጫፉ ላይ በሐር ክር ራሱን አስሮ፣ ቅርፊት ለብሶ ዝም ይላል። ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ የሚወጣው ጥቁር ክንፉ በቢጫ የተዥጎረጎረ ትልቅ ቢራቢሮ ነው።

ለሕፃናት ትንሣኤን ስናስተምር ብዙ ጊዜ «ትሉ ሞተ፤ ቢራቢሮ ሆኖ ተነሣ» እንላለን። ምሳሌው ያምራል፤ ግን ቀስ ብለን እንመርምረው። ትሉ አልሞተም። ቅርፊቱ ውስጥ ይተነፍሳል። አብዛኛው የትልነት አካሉ ይፈርሳል፤ ክንፍ የሚሆኑት ጥቃቅን ክፍሎች ግን ትል ሳለ ጀምሮ በውስጡ ነበሩ። የሆላንዱ ሊቅ ያን ስዋመርዳም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትሉን ሰንጥቆ ይህንኑ አሳይቷል።

ጌታ ከሙታን ያስነሣው አልዓዛር ግን እንዲህ አልነበረም። መቃብር ከገባ 4 ቀን ሆኖት ነበር። ሥጋው ውስጥ ጊዜውን የሚጠብቅ የሕይወት ጅማሬ አልቀረም። ያስነሣው ከመቃብሩ ውጭ የጠራው የጌታ ድምፅ ነው።

ታዲያ ቢራቢሮውን እንጣለው? አንጥለውም፤ ቦታውን እንስጠው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥51 ጌታ ሲመጣ በሕይወት የሚገኙ እንዳሉና ሁሉም እንደሚለወጡ ያስተምራል። ለዚህ መለወጥ ቢራቢሮው ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲሰብክ የሐር ትልን ያነሣው ስለ መለወጥ ሲናገር ነው።

በመለወጥና ከሞት በመነሣት መካከል ያለው ልዩነት ለቅሶ ቤት ስንገባ ይታወቃል። ልጇን የቀበረችን እናት «ቅርፊት ነው የወለቀው፤ አታልቅሺ» ማለት አይገባም። በዚያው በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ቁጥር 26 ሞት ጠላት ተብሏል፤ ጌታም አልዓዛር በሞተ ጊዜ አልቅሷል። ስለዚህ ከእርስዋ ጋር እናልቅስ፤ ከዚያ ቁጥር 20ን እናንብብላት። ክርስቶስ በእውነት ሞቶ፣ ከሙታን በኩር ሆኖ ተነሥቷል። በኩር ካለ ደግሞ የሚከተሉት አሉ፤ ጳውሎስም በቁጥር 23 እነርሱ የክርስቶስ የሆኑት መሆናቸውን ይነግረናል።